ግድግዳ አፍርሶ ብረት ማስገባት፦ ላይና ታቹ ባልገጠመ ቤት ቢሙ የት ይቀመጣል?

ሳሎኑንና መመገቢያ ክፍሉን የሚለየውን ግድግዳ አፍርሶ አንድ ሰፊ ክፍል ማድረግ፣ ወይም መንገድ ዳር ያለውን ክፍል ከፊት ከፍቶ ሱቅ ማውጣት የተለመደ እድሳት ነው። ሲያወሩት ቀላል ይመስላል። ግድግዳው ይፈርሳል፣ በቦታው የብረት ቢም (የላዩን ጭነት የሚሸከም አግዳሚ ብረት) ይገባል፣ ይለሰናል፣ ይቀባል። ባለቤቱና ግንበኛው የሚከራከሩትም አብዛኛውን ጊዜ ስለ ብረቱ ነው፤ ቁመቱ ባለ 16 ሴንቲ ሜትር ይበቃል ወይስ ባለ 20 ይሁን፣ አዲስ ይገዛ ወይስ ምናለሽ ተራ ይፈለግ።

ክርክሩ ግን ዋናውን ነገር ያልፈዋል። ብረት ከአቅሙ በላይ ሲጫን አስቀድሞ ይጎብጣል፤ መጎበጡም በዓይን ይታያል። ብሎኬትና ጡብ እንዲህ ያለ ትዕግሥት የላቸውም። እስከ መጨረሻው ደህና መስለው ይቆዩና በድንገት ይደቅቃሉ። ስለዚህ ከቢሙ ይልቅ ሊያሳስብ የሚገባው ቢሙ ጫፍና ጫፉ ላይ የተቀመጠበት ቦታ ነው። ይህ ጉዳይ ከሁሉ በላይ የሚከብደው ደግሞ የላይኛው ግድግዳ በታችኛው ግድግዳ አናት ላይ በትክክል ባላረፈበት ቤት ነው።

ቢም ሲገባ ጭነቱ ወዴት ይሄዳል?

ግድግዳ ጭነቱን በርዝመቱ ሁሉ አከፋፍሎ ወደ መሠረት ያወርዳል። አራት ሜትር ግድግዳ ሲፈርስ አራት ሜትር ሙሉ ተዘርግቶ ይወርድ የነበረው ክብደት በሁለት ጫፍ ብቻ እንዲወርድ ይገደዳል። ቢሙ ክብደቱን አይቀንሰውም፤ ወደ ጎን ወስዶ በሁለት ቦታ ያከማቸዋል እንጂ። ከዚያ በኋላ ከጫፎቹ ስር ያለው ብሎኬት፣ ከብሎኬቱ ስር ያለው የመሠረት ድንጋይ፣ ከድንጋዩም ስር ያለው አፈር ቀድሞ ያልለመዱት ጭነት ይመጣባቸዋል።

በቁጥር እንየው። ኮለን (የአርማታ ምሰሶ) የሌለው፣ ሶሌታው (የፎቁ የአርማታ ወለል) በብሎኬት ግድግዳ ላይ ያረፈ፣ አንድ ፎቅ የተጨመረበት ቤት አለ እንበል። ታች የሚፈርሰው ግድግዳ አራት ሜትር ነው፤ በላዩ ሶሌታ፣ በሶሌታው ላይ ሦስት ሜትር ከፍታ ያለው ባለ 20 ብሎኬት ግድግዳ አለ። በሁለት በኩል የተለሰነ እንዲህ ያለ ግድግዳ በአንድ ሜትር ርዝመት ወደ 1.1 ቶን ገደማ ይመዝናል። 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሶሌታ ከነወለል ንጣፉ፣ ከነሰዉና ከነዕቃው በካሬ ሜትር 0.7 ቶን ያህል ይታሰባል። ከግራና ከቀኝ ተደምሮ ሦስት ሜትር ስፋት ያለው ሶሌታ በዚህ መስመር ላይ ቢያርፍ 2.1 ቶን ይሆናል። ድምሩ በየሜትሩ 3.2 ቶን፣ በአራት ሜትር 12.8 ቶን ነው። ለእያንዳንዱ የቢም ጫፍ 6.4 ቶን ይደርሰዋል ማለት ነው። ይህ መሃንዲስ ለጥንቃቄ ብሎ የሚጨምረው ማባዣ ሳይገባበት ነው።

አሁን ያ ጫፍ በ20 ሴንቲ ሜትር ግድግዳ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ገብቶ ቢቀመጥ፣ ስፋቱም በግድግዳው ውፍረት ልክ ቢሆን፣ 6.4 ቶን የሚያርፈው በ200 ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ነው፤ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር 32 ኪሎ። ብሎኬት ደግሞ ውስጡ ክፍት ነው። ጭነቱ የሚያርፈው በሙሉው ላይ ሳይሆን በቀጫጭን ጎኖቹ ላይ ነው። ከዚህ ስሌት በኋላ «ብረቱ ባለ ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ይወርዳል።

የሚፈርሰው ግድግዳ ተሸካሚ ነው ወይስ መጋረጃ?

ይህ እንደ ቤቱ ዓይነት ይለያያል። በጭቃ ቤት ጭነቱን የሚይዙት በጭቃው ውስጥ የቆሙት እንጨቶች ናቸው። በድሮ የድንጋይና የጡብ ቤቶች ተሸካሚው ራሱ ግድግዳው ነው፤ ውፍረቱም ስለዚያ ነው። ኮለንና ቢም ባለው የአርማታ ቤት ብሎኬቱ በመርህ ደረጃ መሙያ ብቻ ነው። አራተኛውና አሳሳቹ ዓይነት ሲጀመር ለቆርቆሮ ጣሪያ ተብሎ ያለ ኮለን የተሠራ፣ ቆይቶ ሶሌታ የተጫነበት ብሎኬት ቤት ነው። ከውጭ ሲታይ ከኮለን ቤት አይለይም።

«በመርህ ደረጃ» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አርማታ ዓመታት ባለፉ ቁጥር ቀስ እያለ ይጎብጣል። ከስሩ መሙያ ግድግዳ ካለ ሶሌታው ዝቅ ብሎ ግድግዳው ላይ ይተኛና፣ ሲሠራ ምንም ያልተሸከመው ግድግዳ ከ20 ዓመት በኋላ ተሸካሚ ሆኖ ይገኛል። በዚህ ላይ የላይኛው ፎቅ ባለቤት መኝታ ቤቱን ለሁለት ለመክፈል ቢም በሌለበት ቦታ ብሎኬት ደርድሮበት ሊሆን ይችላል።

ግድግዳን በመዶሻ እየመቱ ድምፁን ማዳመጥ ውስጡ ባዶ መሆን አለመሆኑን ይነግር ይሆናል፤ ተሸካሚ መሆኑን አይነግርም። «እኔ ስንቱን ግድግዳ አንስቻለሁ» የሚል ግንበኛም አይዋሽም። ነገር ግን ያነሳቸው ግድግዳዎች ከላያቸው ምን እንደነበረ መጠየቅ ያስፈልጋል። ቆርቆሮ ጣሪያ ከነእንጨቱ ከሶሌታ ጋር የሚወዳደር ክብደት የለውም፤ በቆርቆሮ ቤት ያልተቀጣ ስህተት በሶሌታ ቤት ይቀጣል።

በኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ሌላም ነገር አለ። ተሸካሚው አካል የሕንፃው ነዋሪዎች የጋራ ሀብት ነው፤ የራሴ ቤት ነው ብሎ የሚነካው አይደለም።

«ግድግዳው አልገጠመም» ማለት ምን ማለት ነው?

አለመግጠም አንድ ዓይነት አይደለም። የመጀመሪያው የላይኛው ግድግዳ መስመር ከታችኛው መስመር ወደ ጎን ሲሸሽ ነው፤ አንዳንዴ 5 ሴንቲ ሜትር፣ አንዳንዴ ግማሽ ሜትር። ፎቁ ከታችኛው ቤት ዓመታት ዘግይቶ፣ በሌላ ግንበኛ ሲሠራ ይህ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ሁለተኛው የውፍረት ልዩነት ነው። ታች ባለ 15፣ ላይ ባለ 20 ብሎኬት ከሆነ በአንድ በኩል ፊታቸው ቢገጥም እንኳ መሀል ለመሀል አይገጥሙም። ሦስተኛው ቢሙ ጫፍና ጫፍ የሚቀመጥባቸው ሁለቱ ግድግዳዎች ትይዩ ሳይሆኑ ሲቀሩ ነው። ቢሙ በሰያፍ ይገባና በሙሉ ወርዱ ፈንታ በአንድ ማዕዘኑ ይቀመጣል፤ ያ ማዕዘን ብሎኬቱን እንደ መሮ ይበሳዋል። ከፍታቸው ያልተካከለ ግድግዳዎችም አሉ። ከሁሉ የሚቀለው ይህ ነው፤ ውሃ ልክ ይዞ በአርማታ ወይም በላሜራ (በዝርግ ብረት) ማስተካከል ይቻላል። እንጨት መሸጎጥ ግን አይሠራም። እንጨት ይደርቃል፣ ይጨመቃል፣ ቢሙም አብሮት ይወርዳል።

እነዚህን ለማወቅ ልስኑን አምኖ መለካት አያዋጣም። ልስን ጠማማውን ሊሸፍን የተሠራ ነው። ትክክለኛው መንገድ የላይኛውንና የታችኛውን ፎቅ ከአንድ የጋራ መነሻ፣ ለምሳሌ ከውጭው ግድግዳ ወይም ከደረጃው ክፍተት፣ ለየብቻ ለክቶ ማነጻጸር ነው። የሚቻል ከሆነ ሶሌታው ላይ ትንሽ ቀዳዳ በስቶ ቱንቢ ማውረድ ነገሩን በአንዴ ያሳያል።

ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል። 50 ኪሎ ሲሚንቶ የሚሸከም የቀን ሠራተኛን እናስብ። ከረጢቱ ጀርባው ላይ መሀል ሲሆን ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ያው ከረጢት ወደ አንድ ትከሻው ሲንሸራተት ክብደቱ አንድ ግራም ሳይጨምር ወገቡ ይጣመማል፤ አንዱ ጎኑ ይጨመቃል፣ ሌላው ይወጠራል። ግድግዳም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ ሰው ሲወጠር ጡንቻ አለው፤ ብሎኬትን ከብሎኬት የሚያያይዘው የሲሚንቶና የአሸዋ ቅልቅል ግን መጨመቅን እንጂ መወጠርን አይችልም።

መሃንዲሶች ለዚህ አንድ የቆየ መለኪያ አላቸው። የግድግዳውን ውፍረት ሦስት ቦታ ክፈሉትና ጭነቱ በመሀለኛው ሲሶ ውስጥ እስከወደቀ ድረስ ግድግዳው በሙሉ ተጨምቆ ይቆያል። ባለ 20 ግድግዳ ላይ ይህ ማለት ከመሀል ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ 3.3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ጭነቱ ልክ በዚያ ጠርዝ ላይ ሲወድቅ በቀረበው የግድግዳ ፊት ላይ ያለው ጫና፣ ጭነቱ መሀል ላይ ቢሆን ከሚኖረው እጥፍ ይሆናል። ከመሀል 6.7 ሴንቲ ሜትር ሲሸሽ አራት እጥፍ ይደርሳል፤ ከበስተኋላ ያለው መጋጠሚያም ይከፈታል። ቀደም ሲል ያሰላናቸው በካሬ ሴንቲ ሜትር 32 ኪሎ የተባሉት ጭነቱ በደንብ መሀል ላይ ሲሆን ነበር።

ቢሙ ራሱም የሚጎዳበት መንገድ አለ። አይ ቢም፣ ማለትም ከጫፉ ሲታይ የእንግሊዝኛውን «I» ፊደል የሚመስለው ቢም፣ ከላይ ወደ ታች ለሚመጣ ጭነት ጎበዝ ነው፤ ብረቱ በብዛት የተከማቸው ላይና ታች ባሉት ክንፎቹ ላይ ስለሆነ መጉበጥን ይቃወማል። ለመጠምዘዝ ግን ደካማ ነው። ግድግዳው በቢሙ አናት መሀል ሳይሆን በአንዱ ክንፍ ጠርዝ ላይ ሲቀመጥ ቢሙ ወደዚያ ጎን መዞር ይጀምራል። ሲዞር ግድግዳው ይከተለዋል። እንዲህ ባለ ቦታ አራት ማዕዘን ዝግ ብረት፣ ወይም ጎን ለጎን ቆመው በቡሎን የተያያዙ ሁለት አይ ቢሞች ከአንድ ወፍራም አይ ቢም ይሻላሉ። እዚህ ላይ «ወፍራም ከሆነ ይችላል» የሚለው ልማድ ሰውን ያሳስታል። 40 ሴንቲ ሜትር የድንጋይ ግድግዳን በ10 ሴንቲ ሜትር ክንፍ ላይ ማስቀመጥም ከዚሁ የሚመደብ ስህተት ነው።

ስለ ርዝመትም አንድ ነገር ልጨምር፤ ባለቤቶች «ትንሽ እናስፋው» ሲሉ ስለምሰማ ነው። በየሜትሩ ያለው ጭነት ሳይለወጥ ክፍተቱን ከ3 ሜትር ወደ 4 ሜትር ማሳደግ የዚያኑ ቢም መጉበጥ ከሦስት እጥፍ በላይ ያደርገዋል። ቢሙ ባይሰበር እንኳ ከላዩ ያለው ብሎኬትና ልስን ይሰነጠቃል።

ታዲያ ያልገጠመ ግድግዳ ላይ ምን ይደረጋል?

መነሻው ቢሙ በሚጫነው ግድግዳ መሀል ስር እንዲሆን ማድረግ ነው። የታችኛውን ክፍል ማሳመሩ ከዚያ በኋላ ይታሰባል። ባለቤቱ ብዙ ጊዜ ቢሙ በድሮው የታች ግድግዳ መስመር ላይ እንዲገባ ይፈልጋል፤ በጣሪያው ላይ ተጨማሪ ቅርጽ እንዳይታይ። ያ መስመር ግን የላይኛው ግድግዳ መስመር ካልሆነ፣ መሀላቸው ያለው ሶሌታ ከጫፉ ተንጠልጥሎ እንዲሸከም እያስገደዱት ነው። ሶሌታው ውስጥ ያለው ፌሮ (የአርማታ ብረት) ለዚያ ተብሎ ካልታሰረ አይችልም፤ የተደበቀውን ፌሮ አደራደር ደግሞ ከውጭ አይቶ ማወቅ አይቻልም።

የመስመር ልዩነቱ ጥቂት ከሆነና ከቢሙ ጫፍ ስር ያለው ግድግዳ ደህና ከሆነ፣ መፍትሔው የአርማታ ማረፊያ መሥራት ነው። ቢሙ ብሎኬቱን በቀጥታ እንዳይነካ ከስሩ ወፍራም አርማታ ይወጣል። በምሳሌያችን 50 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 20 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ማረፊያ ቢደረግ፣ 6.4 ቶኑ በ1,000 ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ይበተንና 32 ኪሎ የነበረው 6.4 ኪሎ ይሆናል። ማረፊያው ከስሩ የሚያገኛቸው ጥቂት የብሎኬት ረድፎችም በአርማታ ቢሞሉ ይመረጣል። ቢሙ በሰያፍ በሚገባበት ቦታም ይኸው ይጠቅማል፤ ማረፊያው ከግድግዳው ጋር ይገጥማል፣ ቢሙ በማረፊያው ላይ በሚፈልገው አቅጣጫ ይተኛል፣ ከስሩም ላሜራ ይደረግለታል።

ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ፣ ወይም ቢሙ የሚደርስበት ቦታ ላይ ከስሩ ምንም ግድግዳ ከሌለ፣ ማረፊያ ብቻውን አይበቃም። ያን ጊዜ አንድም ቢሙን በሌላ ተሻጋሪ ቢም ላይ ማሳረፍ፣ አንድም የብረት ምሰሶ ማቆም ነው። ተሻጋሪ ቢም ሲኖር ሁለቱ በሚገናኙበት ነጥብ የታችኛው ቢም ቀጭን መሀል እንዳይታጠፍ በግራና በቀኝ የላሜራ ማጠናከሪያ ይበየድለታል። ይህች ትንሽ ላሜራ ብዙ ጊዜ ትረሳለች።

እኔ ምርጫ ቢሰጠኝ ምሰሶውን እመርጣለሁ፤ ጭነቱን አቅጣጫ ሳያስቀይር ቀጥ አድርጎ ያወርደዋል። ችግሩ እግሩ ነው። የቤት ወለል መሬት ላይ የፈሰሰ ስስ አርማታ ነው እንጂ መሠረት አይደለም፤ ምሰሶ ሲቆምበት ይበሳል። አፈሩ በካሬ ሜትር 10 ቶን ይችላል ብንል፣ ለ6.4 ቶን 80 በ80 ሴንቲ ሜትር የሆነ መሠረት ተቆፍሮ መሠራት አለበት። ጥቁር አፈር ባለበት ሰፈር ደግሞ አፈሩ ክረምት ሲረጥብ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ጥልቀቱንም መሃንዲሱ ይወስን። ወለሉን መስበር ባለቤትን ያናድዳል፣ አውቃለሁ። ግን ከምሰሶው ስር ወለሉን ሳይከፍት «ጨርሻለሁ» የሚል ሰው ሥራውን አልጨረሰም።

ቤቱ በሥራው መሀል ምን ይይዘዋል?

ግድግዳው ፈርሶ ቢሙ ገና ሳይገባ ያለው ጊዜ ከሁሉም አደገኛው ነው። ድጋፍ ከማፍረሱ በፊት ይቆማል። ሶሌታ ብቻ ከሆነ በግድግዳው ግራና ቀኝ ሁለት የድጋፍ ረድፍ ይበቃል፤ በተለምዶ በድጋፎቹ መሀል ያለው ርቀት ከአንድ ሜትር አይበልጥም። የላይኛው ግድግዳ ከታችኛው ሸሽቶ ከሆነ ግን ድጋፉ የሚቆመው የላይኛውን መስመር ተከትሎ ነው። ይህን ያላስተዋለ ሠራተኛ ባዶ ሶሌታ ደግፎ ግድግዳውን ሳይደግፍ ይቀራል።

ባሕር ዛፍ ድጋፍ አይሆንም ማለት አይደለም፤ ቀጥ ያለና የማይላላ ከሆነ ይሠራል። ከስሩ ግን ጠንካራ ጣውላ ይነጠፍ፤ ድጋፉ የቆመው በሌላ ሶሌታ ላይ ከሆነም ከዚያ ሶሌታ ስር ሌላ ድጋፍ ይኑር።

ቢሙ ከገባ በኋላ በብረቱ አናትና በሶሌታው ሆድ መካከል ሁልጊዜ ክፍተት ይቀራል። ብዙ ሰው ይህን በልስን ይሸፍነዋል። ክፍተቱ ግን ባዶ ከቀረ ቢሙ ገና ምንም አልተሸከመም፤ ድጋፉ ሲነሳ ሶሌታው ብረቱን እስኪነካ ድረስ ይወርዳል፣ ሲወርድም ይሰነጠቃል። ስለዚህ ውሃው ያነሰ፣ ጠንከር ያለ የሲሚንቶና የአሸዋ ቅልቅል በእንጨት እየተመታ ይጠቀጠቃል፣ ወይም ሲደርቅ የማይኮማተር ልዩ ቅልቅል ይሞላል። ድጋፉ የሚነሳው ይህና የአርማታው ማረፊያ ከጠነከሩ በኋላ ነው። አርማታ ሙሉ ጥንካሬው የሚለካው በ28 ቀኑ ነው፤ ቀድሞ ማንሳት ካስፈለገ መቼ እንደሚቻል መሃንዲሱ ይናገር።

የመሬት መንቀጥቀጥስ?

በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተከሰቱት ተደጋጋሚ መንቀጥቀጦች አዲስ አበባ ድረስ ተሰምተው ነበር፤ ብዙ ሰው ስለ ቤቱ መጠየቅ የጀመረውም ያኔ ነው። መንቀጥቀጥ ቤትን በዋናነት የሚገፋው ወደ ጎን ነው። በሁለት ግድግዳ ላይ የተጋደመ ቢም የላዩን ጭነት ይይዛል እንጂ የፈረሰው ግድግዳ ይሰጥ የነበረውን የጎን ጥንካሬ አይመልስም። ምድር ቤቱ በሙሉ ለሱቅ የተከፈተ፣ ላዩ ግን በግድግዳ የተሞላ ቤት እግሩ ላይ ይደክማል። መፍትሔው ቢሙን ከሁለት ምሰሶዎች ጋር አጥብቆ በማያያዝ እንደ በር ጉበን ያለ ሙሉ ክፈፍ መሥራት ነው። ዋጋው ይጨምራል፣ ግን ወደ መንገድ በተከፈተ ምድር ቤት ይህን ሳያሰሉ ማለፍ አይገባም። ተሸካሚ ግድግዳ መንካት የግንባታ ፈቃድ የሚያስፈልገው ሥራ እንደመሆኑ፣ ስሌቱና ፕላኑ በዚያው ጊዜ ቢቀርቡ ሁለት ጊዜ መድከም ይቀራል።

ሥራው ካለቀ በኋላ ምን ልይ?

ቢሙ ጭነቱን ሲቀበል ጥቂት ይጎብጣል፤ ስለዚህ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ በልስኑ ላይ መታየቱ ብቻውን አያስደነግጥም። ከቢሙ ጫፍ ተነስቶ በሰያፍ ወደ ታች የሚወርድ ስንጥቅ፣ ከማረፊያው ስር የሚፈረፈር ብሎኬት፣ ወይም በላይኛው ፎቅ መዝጋት ያቃተው በር ግን ሌላ ነገር ነው። ስንጥቅ ስታዩ ጫፉ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉና ቀኑን ጻፉበት። ስንጥቁ ምልክቱን አልፎ ከሄደ ልስን አትድገሙበት፤ ድጋፉን መልሳችሁ አቁሙና መሃንዲሱን ጥሩ።